ፈረደ፣ ሁለት ጊዜ

አባቴ ፈረደ፣ ስሙ እንደ ሥራው፤
ኤርፖርት የመዘገበች «ዳን» ብላ ብትጠራው፣
ሳታውቅ በዕብራይስጥ ያንኑ ደገመች፤
ስሙን ቀየርኩ ብላ ፍርዱን አተመች።
ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ፊሽካ ነፍቶ፣
እግር ያያል እንጂ ፊት አያይም ከቶ።

ቤር ሼቫ፤ የዩኒቨርሲቲ ሊግ፤ አቧራ።
እኔ ከድንኳን ሥር፣ ከስክሪኑ ጋራ፤
ካሜራችን አንዲት፣ ከላይብረሪው ጣራ፣
ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የምትፈራ።

ሰማንያ ስምንት ላይ ኳስ መረብ ነካች፤
የአባቴ ፊሽካ ተከትላት ጮኸች፦
«እጅ!»
«ወላሂ ደረቴ!» ሳልማን ራሱን ያዘ፤
ሜዳው በሦስት ቋንቋ ዳኛውን አወገዘ።

እየሮጠ መጣ፤ በስሜ አልጠራኝም፤
«አሳዪኝ» አለ፤ ያን ጊዜ አባት የለኝም።

አዘገየሁለት። ሲዘገይ ግን ሁሉም እጅ ይመስላል፤
ጥላ ጣት ያወጣል፣ ትከሻ ክንድ ያበቅላል፤
ሰባቴ መለስኩት፣ ሰባቴ አጎነበሰ፣
ላቡ ከግንባሩ ስክሪኑን አራሰ።

አንዲት ፍሬም አለች፤ እሷ ላይ ከቆምኩኝ
አባቴ ተሳስቷል። ብዘላት ማን አየኝ?
ጣቴ ግን እዚያው ላይ እምቢ ብላ ቆመች፤
ክንዱ ወዲያ ቀርቷል፣ ኳስ ደረት ላይ ነች።

ሲያየው፣ ላቡን በእጅጌው አደረቀ፤
በአየር ሣጥን ሥሎ ጎሉን አጸደቀ።
ፈረደ በፈረደ ላይ ፈረደ።

ማታ በመኪና፣ ቀይ መብራት ሲይዘን፣
«ጭብጦዋን» አለኝ፣ «ለልጁ መለስን።»
«በቅሎዋስ?» አልኩት።
አረንጓዴ በራ፤ ማርሹን ቀየረና
ዝም ብሎ ነዳ በራገር ጎዳና።