ዘግይቶ የገባኝ

የእኔ ፊርማ ጣት ነው፣ አውራ ጣት በቀለም፤
ሌላ ጽሕፈት የለኝ፣ ሌላ ፊደል የለም።

ረሖቦት፣ በሳይንሱ ግቢ፣ ሌሊት ወለል ሳብስ
አንዲት ሐኪም መጣች፣ ነጭ ካፖርት የምትለብስ።
«የጤፍ ቅንጣት ታህላለች፣ ከጆሮህ ኋላ ትገባለች፤
አርባ ቀን አእምሮህን ስላ፣ ከዚያ ወዲያ ትከስማለች።»
አስተርጓሚው ፈንቴ ነው፣ የፈረቃው አለቃ፤
ሦስት ሺህ ሼቅል ሲለኝ ልቤ ቀድሞኝ ነቃ፤
የማቀዝቀዣ ዕዳ አለብኝ። ጣቴን ነከርኩ፣ በቃ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ፌርማታው ላይ ቆሜ፣
ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ጉንዳን ነው ያልኩት ጽሑፍ
አፍ አውጥቶ ተናገረ፦
«የጥርስ ሐኪም። ሁለተኛ ፎቅ።»
ይኸው ነበር ምስጢሩ።
ሳቅሁ። ከጎኔ የቆመች ሴት ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች።

በሳምንቱ ከቆሻሻው ቅርጫት የተጨማደደ ወረቀት አወጣሁ፤
ሦስተኛው መስመር ላይ ስሌቱ ስቷል፤ በእርሳስ አቀናሁ፤
ከዚያም ሥራዬ ነውና፣ ከነቅርጫቱ ደፋሁ።

ግን ስለት ሲሳል ወደ ፊት ብቻ አይቆርጥም።
ጆሮ ለካ ጎተራ ነው፤
ያልገባውን ቃል ሳይፈጭ፣ ከነገለባው ያኖራል፤
ወፍጮው የመጣ ዕለት ስንዴም እንክርዳድም በአንድ ይወርዳል።

የአውቶቡስ ሹፌሩ ቃል፣ የመጣሁ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ክረምት፣
ምርቃት መስሎኝ «ይስጥልኝ» ያልኩት፣
ስድብ ነበረ ለካ፣ ያውም የእናት።
የብርቱካን እርሻው ካቦ፣ የቤቶች ቢሮዋ ጸሐፊ፣
ሁሉም ተራ ይዘው መጡ፣ አንድ በአንድ ተናገሩ።
እሱንስ ቻልኩት።

ከዚያ የሆስፒታሉ ድምፅ መጣ።

ትሁኔ አልጋ ላይ ናት። አገሬ ዘጠኝ ዓመቷ፤
በእኔና በዓለም መካከል ድልድይ ናት፣ ቀጭን ነው አንገቷ።
ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ነገራት፤
ያኔ የሰማሁትን አሁን ሰማሁት፦
«ጉበቷን ጨርሶታል። ከፋሲካ አታልፍም። ለአባትሽ ንገሪው።»
ልጄ ሐኪሙን አየች። እኔን አየች። የጫማዋን ክር አየች።
«ጨጓራዋ ነው አባዬ። እርጎ ትብላ አለ» አለች።

አርባ ሰባት ቀን እርጎ ገዛሁ።
ከሱቅ ስመለስ በራፍ ላይ ቆማ ትቀበለኛለች፤
ማንኪያውን ለማንም አትሰጥ፣ ራሷ ታጎርሳለች።
ትሁኔ ትስቅ ነበር፦ «የወለድኳት እናት ሆነችኝ!»
ለበጋው ቀሚስ አስለካች፤ ሰፊዋም ቀብድ ተቀበለችኝ።
ለፋሲካ አራት ቀን ሲቀረው…

ሐኪሙን፣ ዋሾ ብዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ጠላሁት፤
ስሟ በተነሣ ቁጥር፣ ስሙን ሳላውቅ፣ ረገምኩት።
ያቺ ዘጠኝ ዓመት ያንን ቃል የት ነበር የምታሳድረው?
ከትራሷ ሥር? ከደብተሯ? ከጥርሷ ኋላ?

ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሠላሳ ስምንተኛው ቀን።
አገሬ ደብዳቤ ይዛ መጣች፣ ከሳይንሱ ግቢ፤
እንደ ልማዷ ቆማ አነበበችው፣ እኔም ከማዶ በግልባጩ፦
«ፍሬዋ ስትከስም፣ ከእርሷ በፊት የነበረውንም
ይዛ ልትሄድ ትችላለች፤ ስም፣ መንገድ፣ የሰው መልክ።
ቤተሰቡ ይዘጋጅ።»
ልጄ ደብዳቤውን አየች። እኔን አየች።
ጫማዋ ዛሬ ክር የለውም፤ እሱኑ አየች።
«አመስግነውሃል አባዬ። ደህና ነህ ብለዋል» አለች።

በዕብራይስጥ ልመልስላት ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣ፤
ዋጥኩት።
«እስቲ» አልኳት በእኛው አፍ፣ «እርጎ አለ ወይ ከቤት?»

እጇ ደብዳቤው ላይ ቀረ።
ከመንገዱ አውቶቡሶቹ አንድ በአንድ ጠፉ፤ ሰንበት ሊገባ ነው።
ብዙ ቆየች።
ከዚያ ያንን ዕዳው ያለቀ ማቀዝቀዣ ከፈተች፤
መጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠች።

ለማንኪያው እጄን ዘረጋሁ።
አልሰጠችኝም።