ጥያቄና መልስ

ቺሎዌ ደሴት ላይ፣ በመጻሕፍት በዓል፣
ጫማው ጭቃ ነክሶት ደራሲው ይገባል።
ጀልባ በሚጠገን፣ በቆርቆሮ ጥላ፣
በየዓሣ ሳጥኑ ሰው ተቀምጦ ሞላ።

ከገጽ አርባ ጀምሮ ቆሞ አነበበ፤
መረብ ጠጋኝ ሞተ፣ ሬሳው ታጠበ፤
ያጨበጨበ አለ፣ ያለቀሰም አለ፤
ዝናቡ ጣራው ላይ ከሁሉ አየለ።

«ጥያቄ ካላችሁ…»
ከኋላ እጅ ወጣ፣
የዶኛ ኤድልሚራ፣ ቅርፊቱን ያላጣ፤

«ጽሑፍዎ መልካም ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ፤
አንዲት ነገር ብቻ ሆዴን ቆረቆረኝ፤
ሰውየው ሲሞት ግን መረቡ እጁ ላይ ነው፤
እኮ ማን ጨረሰው?»

ደራሲው መጽሐፉን ገልጦ ገልጦ አለፈ፤
ከመጨረሻው ገጽ፣ ከባዶው፣ አረፈ፤
ፊርማ ሊሰጥ መጥቶ የእሷን ስም ጻፈ።

እሷ ግን የለችም፤
ባሕሩ ሊሞላ ነው፤ እስኪጽፍ አልጠበቀችም።