ርዝመት ከዘር፣ ብስለት ከሌሊት

ሰበታ፣ ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከላስቲክ ቤቱ ውስጥ፣
ቆላ የለመደ ጥጥ ደጋ ሲቀመጥ፣
ማሞቂያ ይለመናል፣ አምፖል ይበራለታል፤
ጥበቃው ዱጉማ እንኳ «እንግዳው አደረ?» ይላል።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ነገ የሚፈካውን እምቡጥ
በወረንጦ ወንዴ ወንዴውን እነቅላለሁ፤
ሴቴዋን በወረቀት ጠቅልዬ አሳድራለሁ፤
ሲነጋ ከሌላው ግንድ ብናኝ እቀባታለሁ፣
ቀይ ክር አስራለሁ፤ ቀኑን እጽፋለሁ።

እናቲቱ ረጅም ናት፣ ሐር መሳይ፣ ለስላሳ፣
ጫን ብለው ሲስቧት ቃሏን የምትረሳ፤
አባትየው አጭር፣ ሻካራ፣ ደረቅ ነገር፣
ቢጎትቱት ወይ ፍንክች፣ እንደ ርስት ድንበር።

መጀመሪያ የተወለዱት ሁሉም መሐል ሰፋሪ፣
ሁሉም ጨዋ፣ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ተከባባሪ።
«ተሳካ!» ስል፣ ሌሊሴ መነጽሯን አወለቀች፤
«እነዚህ ገና ምሥጢር ጠባቂ ናቸው» አለች፤
«የአያት ጉድ የሚወጣው በልጅ ልጅ ነው። ጠብቅ።»

የልጅ ልጆቹ መጡ፤ ሰልፉ ተተራመሰ፤
አንዱ እናቱን መሰለ፣ አንዱ ከአያቱ ባሰ፤
ረጅሙ ላላ፤ ጠንካራው አጠረ፤
ፍሬ የበዛለት በክሩ ከሰረ።
ዘር ከልጓም ይስባል፤ እሺ፣ ይሳብ፤
ግን ወዴት? ሁለት መቶ አርባ ባልዲ፣ ሁለት መቶ አርባ ሐሳብ።

ከዚያ መሐል አንዱ፣ ሰባ ሦስት ቁጥር፣
በፈነዳው የመጀመሪያ ፍሬው ረጅምም ጠንካራም ሆኖ ቢገኝ፣
ለሰው ሳልናገር
የቀሩትን ሰባቱን ጠዋት ጠዋት የምቆጥር ሆንኩ።

በኅዳር መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ሁለቴ አስሎ ዝም አለ።
ውጭ ሣሩ ላይ ውርጭ፣ እንደ ጨው ተነስንሶ።
ዱጉማ ከሰል አመጣ፤ እኔ ጋቢዬን አወለቅኩ፣
ሰባ ሦስትን ሸፈንኩ፤
ጥጥን በጥጥ።
እስኪነጋ ቆምኩ።

ጥር ላይ ፈነዱ ሰባቱ። ማሽኑ ላይ ስናስቀምጠው
ርዝመቱ ያው ነው፤ ሠላሳ ሚሊሜትር፣ ምንም ያልጎደለው፤
ክሩ ግን ስስ፣ ውስጡ ባዶ፣ ቀለም የማይዘው።
«ዘሩን አትውቀሰው» አለች ሌሊሴ፣ ቁጥሩን እየጻፈች፤
«ቁመቱን ጨርሶ ውስጡን ሊሞላ ሲል ነው ብርዱ የደረሰበት።
ርዝመት ከዘር ነው፤ ብስለት ግን ከሌሊት።»

ዝም አልኩ።
ባለፈው ልብስ ሰፊው በሜትሩ ሲለካኝ፣
«ቁመቱስ የአባትህ ነው፤ ትከሻው ግን...» ብሎ ተወኝ።
ዘጠኝ ዓመት የሞላኝን ያን ዘመን
እናቴ ዕድሜዬን ስትቆጥር ዘላ ታልፈዋለች።

ሰባ ሦስት ዘር ሰጠ፤ አሥራ ዘጠኝ ፍሬ።
በፖስታ አሸግኩት፤ በላዩ
«ሳይበርደው ይዘራ» ብዬ ጻፍኩ፤ መመሪያው ይህን አይጠይቅም።

ማታ ቤት ስገባ ልጄ ተኝታለች።
እግሯ ከአልጋው ጫፍ ሊደርስ ነው፤ የአያቷ ቁመት።
ያን ጋቢ፣ ዛሬም ከሰል ከሰል የሚሸተውን፣
እስከ ትከሻዋ ሳብኩት።