ተራ ቁጥር አራት

ይድረስ ለአቶ ልሳነወርቅ፣ ለመጽሔቱ አዘጋጅ፤
ከሐወሊ፣ ኩዌት፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ከልብስ ማጠቢያው ደጅ።

ደንባችሁን አነበብኩት፣ ልብስ እየተኮስኩ፣ ቆሜ፤
ቁጥር አራት ላይ ስደርስ ደረቀብኝ ቀለሜ፦
“ከዚህ ቀደም የታተመ፣ በየትም የወጣ፣
ለሕዝብ የደረሰ ሥራ ለውድድር አይምጣ።”

“ወጣ” ማለት ምን ማለት ነው? እስቲ ያስረዱኝ ጌታዬ፣
ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነው እዚህ ቤት ውስጥ መዋዬ፤
ቆሻሻ ልጥል ካልሆነ፣ እሱም እስከ ሊፍቱ፣
መውጣትን የማውቀው በስም ነው፣ ወይ በመስኮቱ።
ፓስፖርቴ ማዳም ዘንድ ነው፣ ከወርቋ ሣጥን ሥር፤
ማኅተም በማኅተም ሆኖ የማይወጣ ደብተር።
ግጥሜ ግን ማኅተም ሳያይ፣ ኬላ ሳይጠይቀው፣
በአንድ ሌሊት ደማም ገባ፣ ሳልሸኘው፣ ሳላውቀው።

እንዲህ ነው የሆነው።
በኦሞ ካርቶን ጀርባ ላይ፣ በልጆቹ እርሳስ፣
ጻፍኩት፣ ማሽኑ ዞሮ ዞሮ ጮሆ እስኪጨርስ።
ለሰባት ሴት በድምፅ ላክሁት፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፤
ሁለቱ ፊደል አልቆጠሩ፣ ለነሱ ብዬ አስቤ።
ሰባት ሴት “ሕዝብ” ይባላል? ቅሬ እንኳ ቢያቋቁሙ፣
አራቱ ቃሬዛ ሲይዙ ሦስት ናቸው ለለቅሶ የሚቆሙ።
እሸት ሸልቅቀን ብንቀምስ፣ ከማሳው ዳር ቆመን፣
“ማሽላው ታጭዷል” ብሎ ማን ዳኛ ይፈርድብን?

እንዲህ ብዬ ልሟገትዎ ነበር፣ እስከዚህ ድረስ ቀንቶኝ፤
ቀሪውን ሐቅ ባልነግርዎ ግን እንቅልፍ መች ሊወስደኝ።

በስምንተኛው ወር፣ በረመዳን፣ ከሱሑር በፊት፣
ግጥሜ ተመልሶ መጣ።
ከዶሃ ይሁን ከጅዳ እንጃ፤
ጽጌረዳ ሥዕል ላይ ተለጥፎ፣
ከግርጌው “ደራሲው ያልታወቀ”።
እሱ ወጥቷል፤ ስም ግን አልወጣለትም።
የላከችልኝ ልጅ “አንቺን አንቺን ይላል” ብላበታለች።

ደግሞ አንድ ስንኝ ተቀይሯል።
እኔ “በረሃው ልቤን አቃጠለው” ብዬ ነበር፤
አንዷ፣ የማላውቃት፣
“በረሃውም ሰው ናፍቆታል” ብላዋለች።
ሁለት ቀን አኮረፍኩ።
በሦስተኛው የኔን ሰረዝኩና የሷን ጻፍኩ።

እና አሁን እርስዎ ይፍረዱ።
የኔ መሆኑን ላስረዳ ሰባቱን ምስክር ብጠራ፣
“ሰምተነዋል” ካሉ አለቀ፤ የወጣ ነው ያ ሥራ።
ምስክር ሳልጠራ ብቀር፣ ዝም ብል ደንቡን ፈርቼ፣
የገዛ ልጄን ሞግዚት ልባል ነው፣ ከደጃችሁ ገብቼ።
(ሞግዚትነቱ እዚህ ይበቃኛል፤ ሦስት ልጆች አሉ።)

ስለዚህ ቅጹን በሐቅ ሞልቼዋለሁ፦
የታተመበት ቦታ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ።
አሳታሚ፣ ጉሮሮ።
ብዛት፣ ሰባት፤ ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል።
ለደራሲዋ የተከፈለ፣ ዘምዘም የላከችልኝ
የአንድ ዲናር የስልክ ካርድ፤
እሱንም ለሷው ደውዬ ጨረስኩት።

ያልወጣ የቀረኝ አንድ ስንኝ ብቻ ነው፤
ድምፄን ስቀዳ የዘለልኩት፣ ካርቶኑ ላይ ያለው።
የመዲና ነገር ነው። እሷም ከሰባቱ አንዷ ነች፤
ስሟን ባልጠራው እንኳ “እኔን ነው” ብላ ባለቀሰች።
ቁጥር አራት የሚቀበለው እሱን ብቻ ከሆነ፣
ይቅርታ፣ አልልከውም፤ ታጥፎ ተከደነ።

ሰዓዲያ ይመር ነኝ። ስሜን ይኸው ከታች ጻፍኩት፣
ማንም እንዳይቀይረው አጥብቄ፣ ሁለቴ አሰመርኩበት።
ማሽኑ ጮኸ፤
ልብሱን ላውጣ።