የጥሩር ሕግ

ኪርያት ጋት፥ ሐሙስ ማታ፥ ከሕንፃው በታች፥
ሽሎሚት ከሁላችን ቀድማ መጣች፥
የሱፍ ፍሬ በከረጢት፥ ሃያ ፊት ያላት ጠጠር በመዳፏ ይዛ፤
የመጠለያው ግድግዳ እንደ ሯጭ ጀርባ በእርጥበት ወዛ።
እኔ ቀን የመጋዘን ሒሳብ ያዥ ነኝ፥ ማታ የዘንዶ ዳኛ፤
የሌለ አገር እሠራለሁ፥ ለደከመ ጓደኛ።

ሦስት ሳምንት የተጨቃጨቅነው ስለ ጥሩር ነበር፥
ስለ ብረት ልብስ፥ ስለ ክብደቱ፥ ስለሚሰጠው ክብር።
የድሮው ሕጋችን "ጥሩር የለበሰን ሰው ሰይፍ ይስተዋል" ይላል፤
እንዴት ነው ነገሩ? ብረት የጫነ ሰው እንደ ዝንብ ይዘላል?
ይርጋ ጠረጴዛ መታ፦ "ሰይፍማ ብረትን አይስትም፤
ያገኘዋል፥ ይጮኻል፥ ግን እስከ ሥጋ አይዘልቅም።
ከቁስሉ ሦስት ነጥብ ይቀነስ፥ በቃ፥ ሒሳቡ ይኸው!"
ሽሎሚት ሳቀች፦ "ሦስት? ለጦርም ለመዶሻም እኩል ነው?
መዶሻ ድስት ሲመታ፥ ድስቱ ባይሰነጠቅ እንኳ፥
ውስጡ ያለው እንቁላልስ?" አለችና ጠረጴዛውን — ኳ!

እኔም በእርሳስ ጻፍሁ፥ ሰረዝሁ፥ መልሼ ጻፍሁ፤
በጥሩር ዋኝቶ ወንዝ የሚሻገር ጀግና እንደማልቀበል አሳወቅሁ።
ለመልበስ አሥር ደቂቃ፥ ለዚያውም ረዳት ካለ፤
ተኝቶበት ያደረ ሰው ጠዋት ጉልበቱ ጎደለ።
ለጩቤ ፈቀድሁ፥ የብብቱን ስፌት በጨለማ ለሚፈልግ፤
ለወርቅ ቅብ አልፈቀድሁ፥ ማጌጥ ሌላ፥ መዳን ሌላ ነው በዚህ ሕግ።
ኤላ ሸለቆ ከዚህ ሩቅ አይደለም መንገዱ፤
"ያን የወንጭፍ ታሪክ የምታነሡብኝ ከሆነ፥" አልሁ፥ "ሂዱ!"

ታሚር ዝም ብሎ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል፤
ከተጠባባቂ ጦር ከተመለሰ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።
በጨዋታው ባለ ጥሩሩ እርሱ ነው፥ ስሙም አይፈሬ፤
ትንሿን ምስሉን የቀባሁት እኔ ነኝ፥ የእህቴን የጥፍር ቀለም ተበድሬ።
"አንተስ?" አልሁት። "ሕጉ ያንተን ሰው ነው የሚነካው።"
ልጣጩን ሰበሰበ፥ ክምሩን በጣቱ እየለካው።

"ስለ ምቱ ብዙ ተናገራችሁ" አለ።
"እኔ በዘጠና ቀን አንድም ጊዜ አልተመታሁም።
ሰሌዳው ደረቴ ላይ ነበር፥ ሌላው ጀርባዬ ላይ፤
ማንም አልነካውም።
የመታኝ ራሱ ነው፥
እዚህ ጋ፥ ማሰሪያው የሚያርፍበት።
መጀመሪያ ትረግመዋለህ፤ ቀጥሎ ትረሳዋለህ፤
ቀጥሎ አጥንትህ ይመስልሃል።
ለግምጃ ቤቱ መልሼ፥ ፈርሜ፥ ወደ አውቶቡስ ስሄድ
ቀለለኝ። ከልክ በላይ ቀለለኝ።
ነፋስ እንዳይወስደኝ የማቆሚያውን ብረት ያዝሁ።
እናቴ አቀፈችኝ፤ እጇ ጀርባዬን በቀጥታ ሲያገኘው
ደንግጬ ገፋኋት።
ለዚህ ሕግ አላችሁ?"

ይርጋ አፉን ከፈተ፥ መልሶ ዘጋው፤
ከላይ የጎረቤት ልብስ ማጠቢያ ብቻ ነው የሚንጓጓው።

እርሳሴን አነሣሁ። ጻፍሁ፥ በሚንጋደድ ፊደል፦
"ጥሩር የሚከብደው ከወለቀ ወዲያ ነው፥ ለባሹ ለመትረፍ ቢታደል።
ለዚህን ያህል ዙር፥ የወዳጅ እጅም ቢሆን፥
እንደ ምት ይቈጠርበታል።" ቁጥሩን ባዶ ትቼ፥ "ስንት ዙር ይሁን?"
ብዬ ጠየቅሁ። ሽሎሚት ጠጠሯን ገፋችለት፤ በአምፑሉ ሥር በራ ፊቷ ሁሉ በራ።
አነሣት። አልጣላትም። መዳፉ ውስጥ ያዛት፥ እንዳልበሰለ ወይራ።

ስንወጣ አራቱን የፕላስቲክ ወንበር አነባብሮ ብቻውን ተሸከመ፤
በደረጃው መታጠፊያ "ላግዝህ" ብለው፥ ጥቂት ቆመ።
"ተይኝ" አለ፥
"ትንሽ ይክበደኝ።"