አስተርጓሚው የተወው

አያቴ ሲሟገት ሾላው ጥላ ሥር፣
ለአንዲት ጥማድ ድንበር፣ ለአራት ክንድ ምድር፣
ነጠላ አደግድጎ፣ ዘንጉን ወደ ሰማይ፣
«በላ ልበልሃ!» ሲል መንገደኛው ሁሉ
ይቆም ነበር አሉ፣
እኔ ባልደርስ እንኳ ላይ።

እኔ የልጅ ልጁ፣ ሻርጃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
በኤሲው ብርድ ጥርሴ ሲንገጫገጭ፣ ተራዬን ስጠብቅ፤
ቸርኬዬን ተሸክሜ ነበር የመጣሁት፣ የተጣመመ ማስረጃ፤
ዘበኛው ግን በር ላይ አስቀረው፣
ጥንት ባላገሩን ያስፈቱት እንደነበር ጠመንጃ።

«መንባሮ ዛቂያ!» አለ ጠሪው።
እኔ መሆኔን ያወቅሁት
ሌላ ሰው ስላልተነሣ ነው።

ዳኛው ከወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀሩ
«ምንድን ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁ፣
እኔን ሳይሆን አብዱሰመድን፣ የሐረሩን ልጅ፣ አስተርጓሚዬን።
ነጠላ የለኝ፤ ሸሚዜን ቆለፍሁ እስከ አንገቴ፣
ተነሣሁ እንደ አያቴ፦

«ጌታዬ፣
ብስክሌት ነበረችኝ፣ ከሞኒር የገዛኋት፣
ሦስት መቶ ሃያ ድርሃም፣ በሦስት ወር የከፈልኋት፤
ደወሏ ድዳ፣ ፍሬኗ ለፍላፊ፣
በቀን አርባ በር አንኳኪ፣ የሰው ልብስ አሳላፊ።
ያን ቀን ከኋላዋ ዘጠኝ ነጭ ቀሚስ ሰቅያለሁ፣
ካውያው ገና አልበረደም፣ ሙቀቱ ጀርባዬን ሲነካው አውቃለሁ።
ይህ ልጅ ከመስጊዱ ጥግ መኪናውን ወደ ኋላ ሲነዳ
ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበረ።
ቀሚሶቹን አስፋልት ላይ እጃቸውን ዘርግተው ሳያቸው
ዘጠኝ ሰው የሞተ መሰለኝ፤ ሮጥሁ ላነሣቸው።
የገዛ ጉልበቴን ያየሁት ማታ ነው።

መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ማፊ ሙሽኪላ» አለኝ፣
ነገ እከፍላለሁ ብሎ ስልኩን ሰጠኝ።
ለዚያ ነገ፣ ጌታዬ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ጻፍሁለት፤
ሁለት ሰማያዊ ጭረት፤ አንብቦታል፣ መልስ የለበት።
ቀሚሱ ዳግም የታጠበበት ከደመወዜ ተቆረጠ፣
ሁለት ወር በእግሬ ሳደርስ፣ በሐምሌ፣ የጫማዬ ሶል ቀለጠ።
የእኔ ቢጤ ብስክሌቱ እግሩ ነው።
የሰው እግር ሰብሮ «ችግር የለም» ይባላል ወይ፣ ጌታዬ?»

አብዱሰመድ ጉሮሮውን ጠረገ፣
«አራት መቶ ስልሳ አምስት ድርሃም ይፈልጋል» አለ፤ በቃ።
አያቴ ከመቃብሩ ነቃ።

«ደረሰኝ?» አሉ ዳኛው።
ከቀን መቁጠሪያ ቅጠል ጀርባ፣ በቤንጋሊ፣ የሞኒር ጽሕፈት፤
እንደ ጠልሰም ገለባበጡት።
እኔ ግን በዚያ መሃል ልጁን አየሁት፣
ደረቱ ላይ ያን ቀጥ ያለ መስመር፣ እጅጌው ላይ ያችን እጥፋት፤
የእኔ ካውያ ነው!
አንገትጌውን ቢገልጡት ቁጥሩን አውቀዋለሁ፣ ሰማንያ ሰባት፣
በገዛ እጄ የጻፍሁት።
ከሳሽ ባዘጋጀው ልብስ ተከሳሽ አምሮበት ቆመ።
ይህንን በምን ቋንቋ ልበል? አብዱሰመድም ደክሞት ነበር፤ ዝም አልሁ።

ሁለት መቶ ሰማንያ ተፈረደልኝ።
ብስክሌቷ አርጅታለች ተብሎ ቀሪው ተነሣ።
ልጁ ኮሪደሩ ላይ ብሩን ቆጠረ፣
«ይቺን ብቻ ነው?» አለኝ፣ ከልቡ ተገርሞ፣
«ብትነግረኝ ምን ነበረ?»

ታች ወርጄ ቸርኬዬን ብጠይቅ
ዘበኛው ትከሻውን ሰበቀ፤
ጠራጊው ቆሻሻ መስሎት ይዞት ሄዷል፤ ማን አወቀ?

ሐሙስ ከከረጢቱ ውስጥ ሰማንያ ሰባት ወጣ።
ካውያውን አጋልሁ። እጄ ለአፍታ ቆመ።
ማንም አያይም ነበር፣ በጭረት ብስት፣
በአንዲት እጥፋት፤
አያቴ ዘንጉን ተደግፎ ያየኝ መሰለኝ፣ ምንም ሳይል።
ውኃ ረጨሁ፤ መስመሩን አቀናሁለት።
ለአንድ ክረምት አንድ ነገር ይበቃኛል የተጣመመ።