ናሙና ቁጥር ስድስት

ሐምሌ አራት ቀን፣ ኮምቦልቻ፣ ጠዋት።
ቢሮው የሰጠን፦ ሁለት ቦቲ፣ አንድ ጥንድ ጓንት፣
ባትሪው ቶሎ የሚያልቅ አንድ የፒኤች መለኪያ፣
አምስት ባዶ ጠርሙስ፣ ቅጽና መጻፊያ።

"ለልምምድ የመጣችሁ ልጆች" አለ አቶ አራጋው
መሳቢያ ሲበረብር፤
"ቦርከናን ለኩልኝ፣ ከላይ እስከ ታች፤
መልኩንም ወሬውንም ተዉት፤ የምንሻው ቁጥር።"

እኔና ረምላ በጭቃው ወረድን፣
ባጃጁ ድልድዩ ጋ ጥሎን ሲመለስ።
ማታ ጦሳ ላይ ሲወርድ ያደረው ዝናብ
ገና አሁን መድረሱ፣ ገና አሁን ሲፈስ፤
አንድ እግር ነጠላ ጫማ ይዞ፣
ግማሽ ጀሪካን ይዞ፣
የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሂሳብ ደብተር ይዞ።
ደሴ የጣለውን ኮምቦልቻ ታነሣለች፤
ኮምቦልቻስ የጣለችውን ለማን ትሰጣለች?

ልጆች ከድልድዩ አፍ "ወርቅ ነው የምትፈልጉት?" አሉን።
"ውሃ ነው" ስንላቸው
ሳቁብን።

ነጥብ አንድ፣ ከድልድዩ በላይ።
ነጥብ ሁለት፣ ቱቦው የሚተፋበት ጥግ።
ነጥብ ሦስት፣ ሾፌሮች ሲኖትራክ የሚያጥቡበት።
ነጥብ አራትን ካርታው ስም አልሰጠውም፤ እኛም አልሰጠነው።
ነጥብ አምስት፣ የሙሄ ይመር የጎመን ማሳ ዳር፤
እሱ ራሱ አካፋው ላይ ተደግፎ
እንደ ፈታኝ ያየናል፣ አንድም ቃል ሳይናገር።

ሰባት ነጥብ ሁለት። ሰባት ነጥብ አንድ።
በሳምንቱም ያው፤ በሦስተኛው ሳምንትም ያው።
"ከተፈቀደው መጠን በታች" ብለን ሞላን፤
ውሃው ነው የደፈረሰ እንጂ ቁጥሩስ ጤነኛ ነው።

በአራተኛው ሳምንት ሙሄ ሳቀ።
"ልጆቼ፣ ወንዝ በሐምሌ እንግዳ ነው፤
ደህና ልብሱን ለብሶ ነው የሚመጣ።
የእንግዳን አመል በገባበት ቀን ማን አወቀ?
ግንቦት ላይ ኑ። ያን ጊዜ ክር አህሎ ቀጥኖ
ሰኞ አንድ መልክ፣ ሐሙስ ሌላ መልክ ሲያወጣ፣
ጎመኔ ጠርዝ ጠርዙን እንደ ወረቀት ሲለበለብ፣
ላሜ አሽትታው፣ ውሃ እንደጠማት ስትመለስ፤
ያን ጊዜ ነው መለካት፣ ወላሂ፣ ያን ጊዜ ነው።"

"ግንቦት ፈተና ላይ ነን" አልነው፤
"የሚለቁን ክረምት ብቻ ነው።"
"እንግዲያ ወንዙም አውቆባችኋል" አለና
ጎመን ቆርጦ ሰጠን። ተቀበልን።
ማታ ሦስት ጊዜ አጠብነው።
ረምላ አየችኝ። ዝም አልሁ።

ቅጹ ግርጌ "ሌላ አስተያየት" የምትል ሳጥን አለች፣
ስፋቷ ሁለት ጣት፤
"በበጋ ይደገም" ብዬ ጻፍሁባት።
አቶ አራጋው መነጽሩን አወለቀ፤ ክፉ ሰው አይደለም፤
"በጀቱ የክረምት ነው፣ የኔ እህት" አለና ፈረመ።
የማኅተሙ ቀለም ደርቆ ነበርና ሁለት ጊዜ መታው።
ለእኔ ዘጠና አንድ ሰጠኝ።

ግንቦት። አርባ ምንጭ። ሙቀት። የፈተና ሰሞን።
የግቢው ዘበኛ በስሜ ጠራኝ፦
በፌስታል የተጠቀለለ አንድ ሃይላንድ
አውቶቡስ እየቀያየረ ደርሶልኛል፣
ክዳኑ በቀለጠ ሻማ ታሽጎ።
አድራሻዬን የሰጠች ረምላ ናት።
ጽሑፉ የሙሄ ልጅ ነው፣ የስምንተኛ ክፍል ጽሑፍ፣
ከመስመር የማይወጣ፦
"ናሙና ቁጥር ስድስት። ቦታ፦ የአባቴ ማሳ።
ሰዓት፦ ከጠዋቱ አንድ።
ቀለም፦ ራስሽ እዪው።"

"ሻይ ነው የተላከልሽ?" አለች የአልጋ ጎረቤቴ።

መመሪያውን በቃሌ ነው የማውቀው፦
ሃያ አራት ሰዓት ያለፈው ናሙና አይቆጠርም።
ይህ ሦስት ቀን በመንገድ አድሯል፤ አይቆጠርም።
ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየሁት።
ደግሜ አየሁት።

የክረምቱን ቅጽ ቅጂ ከደብተሬ መሃል አወጣሁ፤
አምስት መስመር ብቻ ነበረው።

ማስመሪያ ተዋስሁ።